በእጅ ያለን ወርቅ ከመዳብ አንቁጠር!

ስለ አሮጌዎቹ የወርቅ ቅብ መብራቶች ከንብረት ንዑስ ኮሚቴ የቀረበ

ይድረስ ለሰፈራችን ነዋሪዎች በሙሉ፤

ባለፈው ስብሰባችን ላይ በማኅበሩ ዕቃ ግምጃ ቤት የሚገኙት አሮጌ የወርቅ ቅብ መብራቶች «በኪሎ ተመዝነው ይሸጡና ገንዘቡ ለጎርፍ መውረጃው ቦይ ማሠሪያ ይዋል» የሚል ሐሳብ ቀርቦ እንደነበር ይታወሳል። ሐሳቡን ያቀረቡት ወንድሞችና እህቶች ለሰፈሩ ተቆርቁረው መሆኑን አንጠራጠርም። ቦዩ መሠራት አለበት፤ ያውም ክረምት ሳይገባ። ነገር ግን «በኪሎ ይሸጥ» የሚለውን እኛ ንብረቱን እንድንጠብቅ ኃላፊነት የተሰጠን ፈጽሞ አንቀበለውም። የማንቀበልበትን ምክንያት ከዚህ በታች እንዘረዝራለን። የሚቀጥለው ስብሰባ ከመድረሱ በፊት ሁሉም አንብቦ የየራሱን አቋም ይዞ ይምጣ።

መብራቶቹ የማን ናቸው? ከየትስ መጡ?

በ2016 ዓ.ም. ፒያሳና አካባቢው በኮሪደር ልማት ሥራ መፍረስ ከጀመረ ወዲህ ከአሮጌ ቤት ያልወጣ ዕቃ የለም። በሩ፣ መስኮቱ፣ የደረጃው መደገፊያ፣ ቆርቆሮው ሳይቀር በጋሪና በአይሱዙ ተጭኖ በደጃችን ሲያልፍ ሁላችንም አይተናል። በእኛም ሰፈር የፈረሰ ቤት አለ፣ የታደሰም አለ። ከፍርስራሹ ውስጥ ነዋሪው እየለቀመ ለማኅበሩ ያስረከባቸው መብራቶች በመዝገባችን 17 ናቸው፤ 12ቱ የግድግዳ፣ 4ቱ ከጣሪያ የሚንጠለጠሉ፣ አንዱ ደግሞ ከእንጨት ተቀርጾ በወርቅ የተለበጠ ነው። እነዚህ የማንም ግለሰብ አይደሉም፣ የሁላችን ናቸው። ስለዚህም ዋጋቸውን ሳያውቁ መሸጥ የጎረቤትን ገንዘብ መበተን ነው።

እስቲ ወደ ኋላ መለስ ብለን እንመልከት። በአዲስ አበባ የኤሌክትሪክ መብራት የበራው መጀመሪያ በአፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ነው፤ ጊዜውም በፈረንጆች አቆጣጠር የ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ነበር። የአባ ሳሙኤል ማመንጫ ሥራ የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። የምድር ባቡሩ አዲስ አበባ የደረሰው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1917 ሲሆን፣ ከዚያ በፊት የመጣ ከባድ ዕቃ የመጨረሻውን መንገድ በግመልና በበቅሎ ጀርባ ነው የተጓዘው። አብዛኛው ሕዝብ ያመሽ የነበረው በኩራዝና በማሾ ነው። በዚያ ዘመን ከባሕር ማዶ ወርቅ ቅብ መብራት አስመጥቶ የሰቀለ ቤት እንግዲህ የመኳንንት ቤት፣ ወይም በአራዳ ይነግዱ ከነበሩት ከህንዶቹ፣ ከአርመኖቹና ከግሪኮቹ የአንዱ ቤት ቢሆን ነው። ዛሬ ግድግዳው የለም። ለቤቱ ምስክር ሆኖ የቀረው ይኸው መብራት ነው። ታዲያ ምስክርን በኪሎ ይሸጧል?

የኪሎው ወገንና የወርቁ ወገን

በሰፈራችን በዚህ ጉዳይ ሁለት ወገን ተፈጥሯል። ሁለቱም ተሳስቷል።

የመጀመሪያው የኪሎው ወገን ነው። «ናስ ናስ ነው፤ ምናለሽ ተራ በኪሎ የሚሄድበት ዋጋ ይታወቃል፣ ምን ያጨቃጭቀናል?» ይላል። እኛ ምናለሽ ተራን አንንቅም፤ የተጣለን ዕቃ መልሶ ለሥራ የሚያበቃ የብዙ ሰው እንጀራ ነው። ነገር ግን ሚዛን የሚያውቀው ክብደትን ብቻ ነው። በመሮ ተወቅሮ የተሠራ ቅጠልና ከፋብሪካ እንደ ዳቦ የወጣ ቅጠል በሚዛን ላይ እኩል ናቸው። ውስጡ በብረት ዘንግ የታጨቀው ርካሹ መብራት ከስሱና ከምርጡ ይበልጣል። ያ ከእንጨት የተቀረጸው መብራትማ በሚዛን ዋጋ ማገዶ ነው! ከ17ቱ ሁሉ ምናልባት የሚበልጠው እሱ ሆኖ ሳለ ማለት ነው። በኪሎ መግዛት የሚስማማው ለማን እንደሆነ አስቡት፤ ጭኖ ከወሰደ በኋላ አንድ በአንድ እየመረጠ ለሚሸጠው ነው። አንዲት የሰፈራችን እናት ጥንድ የግድግዳ መብራት በር ድረስ ለመጣ ደላላ አንድ ኩንታል ጤፍ በማይገዛ ገንዘብ ሰጥተው፣ ያው ጥንድ ተወልውሎ በመስታወት ውስጥ ተሰቅሎ ሲታይ ዋጋው እጥፍ ድርብ ሆኖ ነበር። ደላላው አልሰረቀም። እሱ ያወቀውን እኛ አላወቅንም፣ ይኸው ነው።

ሁለተኛው የወርቁ ወገን ነው። ይኼኛው ደግሞ «ወርቅ ነው! አንጥረኛ ዘንድ ወስደን እናስቀልጠው» ይላል። እስቲ በሒሳብ እንነጋገር። መላ ገጹ 1000 ካሬ ሴንቲሜትር የሆነ የግድግዳ መብራት እንውሰድ። ልባጡ አንድ ማይክሮን፣ ማለትም የአንድ ሚሊሜትር ሺሕኛ ቢሆን፣ በላዩ ላይ ያለው ወርቅ በጠቅላላ 1.93 ግራም ነው። የሰው ጠጉር ውፍረት ወደ 70 ማይክሮን እንደሚደርስ አስታውሱ። በስስ የወርቅ ቅጠል የተለበጠ ከሆነ ውፍረቱ የዚህ አንድ አሥረኛ ያህል ስለሆነ፣ ወርቁ 0.2 ግራም እንኳ አይሞላም። በኤሌክትሪክ የተለበጠውም ብዙ ጊዜ ከአንድ ማይክሮን በታች ነው። በጥንቱ ዘዴ የተለበጠው ወፈር ይላል። ቢሆንም እሱን ፍቆ ለማውጣት መብራቱን ማጥፋት ግድ ነው፤ በወርቁ የሚገኘው ደግሞ መብራቱ በመብራትነቱ ከሚያወጣው ጋር አይወዳደርም። በሬውን ለቀንዱ ብሎ ማረድ ማለት ይህ ነው።

ከዚህ የከፋም አለ። የጥንቱ ልባጥ የሚሠራው ወርቅን ከባዜቃ ጋር ለውሶ በናሱ ወይም በነሐሱ ላይ በመቀባትና በእሳት በማሞቅ ነበር። ባዜቃው በጭስ ይሄዳል፣ ወርቁ ይቀራል። ያንን ጭስ እየማጉ የሠሩ ስንትና ስንት ባለሙያዎች ተመርዘዋል። ከባዜቃውም ጥቂቱ በልባጡ ውስጥ ዛሬም አለ። እንዲህ ያለውን ዕቃ በጓሮ በከሰል እሳት ለማቅለጥ የሚሞክር ሰው ለራሱም ለልጆቹም መርዝ ያጨሳል። ወርቁን በአሲድ ማውጣትም እንደዚሁ ሳንባ የሚያቃጥል ጭስ ያወጣል። በዚህ ነገር ቀልድ የለም!

እንዴት ለይተን እናውቃለን?

ለይቶ ለማወቅ ፈረንጅ መሆን አያስፈልግም። ዓይን፣ ማግኔት፣ ካቻቢቴና ትዕግሥት ይበቃል።

1ኛ/ ፊቱን ትታችሁ ጀርባውን እዩ። ፊቱ ሁልጊዜ ያማረ ነው። የጥሩ ሠራተኛ እጅ የሚታወቀው ከጀርባው፣ ከመገጣጠሚያውና ከብሎኑ ነው። ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ ነሐስ ጀርባው ሻካራና ወፍራም ነው፤ ከፊት በኩል የቅጠሉ ጅማት በመሮ ተወቅሮ ስለታም ሆኖ ይታያል። በማሽን የተጨፈለቀ ቆርቆሮ ግን ከፊት የወጣው ሁሉ ከኋላ ጎድጉዶ ይታያል።

2ኛ/ ማግኔት አስጠጉ። ከያዘ ብረት ነው። ካልያዘ ናስ፣ ነሐስ ወይም ዚንክ ሊሆን ይችላል። በማይታይ ቦታ ላይ ያለውን አሮጌ ጭረት ተመልከቱ፤ ቢጫ ከሆነ ናስ፣ ወደ ቀይ ቡኒ ካደላ ነሐስ፣ እንደ ቆርቆሮ ግራጫ ከሆነ ግን ዚንክ ነው። በጥፍር ሲመቱት ናስ ይጮኻል፣ ዚንክ ግን ደፍኖ ይቀራል። ዚንክ ርካሽና ተሰባሪ ነው፤ በቀለም ስላጌጠ ብቻ ስንቱን አታሏል።

3ኛ/ ወርቅ ነው ወይስ ወርቅ የሚመስል? ወርቅ አይዝግም፣ አይጠቁርም። ልባጡ ተፍቆ ሥሩ ያለው ናስ ቢጠቁር እንኳ ያልተፋቀው ቦታ እንደነበረ ያበራል። በወርቃማ ቀለም የተቀባ ከሆነ ግን ቀለሙ ራሱ ወደ ቡኒና ወደ አረንጓዴ ይለወጣል። ሌላው የሚያሳስተው ወርቃማ ቫርኒሽ የተቀባ ናስ ነው። ይህም በብዛት የተሠራ፣ በራሱ መልካም ሥራ ሊሆን የሚችል ነው፤ ነገር ግን ወርቅ አይደለም። በማይታይ ቦታ ላይ ብቻ ጥጥን በአልኮል ነካ አድርጎ ቢያሹት ብዙውን ጊዜ ቫርኒሹ ወደ ጥጡ ይመጣል። ይህን ሙከራ ኮሚቴው ያድርገው፣ ሰው ሁሉ በየቤቱ አይሞክር።

4ኛ/ ልባጡ በምን ዘመን? የባዜቃው ዘዴ ጥንታዊ ነው። በኤሌክትሪክ መለበጥ የተስፋፋው በበርሚንግሃም የኤልኪንግተን ቤት እ.ኤ.አ. በ1840 የፈጠራ መብት ካወጣ በኋላ ሲሆን፣ በፓሪስ ደግሞ ክሪስቶፍል መብቱን ገዝቶ ሥራውን አስፋፋ። በባዜቃ የተለበጠው ሞቅ ያለ፣ ወፈር ያለ መልክ አለው፤ ብዙ ጊዜ ከፊሉ እንደ መስታወት ተወልውሎ ከፊሉ ደብዛዛ ተደርጎ ይተዋል። በኤሌክትሪክ የተለበጠው ግን በሁሉም ቦታ፣ በስርጉዱም በጉብታውም፣ አንድ ዓይነት ሆኖ ይታያል።

5ኛ/ ሲወለድ ምን ያበራ ነበር? ለሻማ የተሠራ መብራት ክንዱ ድፍን ነበር፤ በኋላ የኤሌክትሪክ ገመድ ሲገባለት ተበስቷል፣ ወይም ገመዱ በውጪ ተጠምጥሟል። ክንዱ ላይ ትንሽ መዝጊያ ቧንቧ ካለበት በፈረንጅ አገር ከተሞች ለነበረው የመብራት ጋዝ የተሠራ ነው፤ በከተማችን እንዲህ ያለ የጋዝ መስመር ስላልነበረ ለእኛ የበራው ተለውጦ ነው። ከመጀመሪያው ለኤሌክትሪክ የተሠራው ክንዱ ባዶ ቱቦ ሲሆን አምፑሉ ወደ ታች ሊያይ ይችላል። ወደ ታች የሚያይ ሻማ የለምና!

6ኛ/ ብሎኑን አትዝለሉ። መስቀለኛ አናት ያለው ብሎን በፋብሪካዎች የተለመደው እ.ኤ.አ. ከ1930ዎቹ አጋማሽ ወዲህ ነው። መብራቱ ከመጀመሪያውም በዚህ ዓይነት ብሎን ከተገጣጠመ የምኒልክ ዘመን ነው የሚለውን ወሬ ተዉት። የአገር ስም የተጻፈበትም ከሆነ አስተውሉ፤ አሜሪካ የሚገባ ዕቃ ሁሉ የተሠራበት አገር ስም እንዲጻፍበት የሚያስገድደው ሕግ የጸና እ.ኤ.አ. በ1891 ስለሆነ፣ እንዲህ ያለው ምልክት ብዙውን ጊዜ ከዚያ ወዲህ ያለ ነው።

7ኛ/ ቅርጽ ዕድሜ አይደለም። ይህን ደላላም ገዢም የሚስቱት ነው። የፈረንሣይ ነገሥታት ዘመን ቅርጽ እስከ ዛሬ ድረስ ይገለበጣል። «የሉዊ ነው» የሚል ሰው ስለ ቅርጹ እንጂ ስለ ዕድሜው አልተናገረም።

8ኛ/ እንጨቱን ውኃ አታስነኩት። በወርቅ የተለበጠ እንጨት ከላይ ስስ የወርቅ ቅጠል፣ ከሥር ቀይ አፈር፣ ከዚያ ነጭ ጀሶ፣ ከዚያ እንጨት ነው። የወርቁ ቅጠሎች የተደራረቡበት መስመር በጎን ብርሃን ሲያዩት ይታያል። በእርጥብ ጨርቅ አንድ ጊዜ ቢጠርጉት ወርቁ ከጨርቁ ጋር ይሄዳል።

በዚህ መንገድ 17ቱን አገላብጠን ስንመረምር ያገኘነው የሚከተለው ነው። ከግድግዳዎቹ ሰባቱ በቅጠል ቅርጽ የተሠሩ ወርቃማ ቀለም የተቀባ የብረት ቆርቆሮ ናቸው፤ ብሎናቸውም መስቀለኛ ነው። ሁለቱ ዚንክ ናቸው። ሦስቱ ግን በመሮ የተወቀሩ ፍስ ነሐስ ሲሆኑ ሁለቱ ጥንድ ናቸው። ከተንጠልጣዮቹ አንዱ ለሻማ ተሠርቶ በኋላ ክንዱ የተበሳ፣ በሁለት ዓይነት መልክ የተለበጠ ነው። ሁለቱ ቫርኒሽ የተቀባ ናስ ናቸው፤ አራተኛው ክሪስታሉ የጎደለ ነው። እንጨቱን ከላይ ገልጸናል። እንግዲህ ዘጠኙ ተራ ዕቃ ናቸው ማለት እንችላለን። ስምንቱ ግን አዋቂ ሳያያቸው ከግምጃ ቤቱ ንቅንቅ ማለት የለባቸውም።

እባካችሁ አትወልውሉ!

ከፍርስራሽ የወጣ ዕቃ ሲታይ የሁሉም እጅ ወደ ሎሚና አመድ፣ ወደ ብራሶና ወደ ሽቦ መፋቂያ ይሮጣል። «ጥቁር ነበረ፣ አሁን አብረቀረቀ» ይባላል። አዎን አብረቀረቀ፤ የሚያብረቀርቀው ግን ወርቁ ተፍቆ የቀረው ናስ ነው። ከመቶ ዓመት በላይ የኖረ ልባጥ በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ያልቃል። አቧራውን በለስላሳ ብሩሽ አራግፉ፣ ከዚያ አቁሙ። እንደገና በወርቅ ማስቀባትም እንዲሁ የሚያዋጣ መስሎ ዋጋውን ይገድላል። የወለቀ ክሪስታል፣ የተሰበረ ቅጠል፣ ዳዶና ብሎን ሁሉ ከየመብራቱ ጋር በከረጢት ይታሰር፤ የጎደለ ቅጠል ለማሠራት የሚወጣው ብዙ ጊዜ ያስቆጫል።

ማብራትም የሚፈልግ ካለ ይጠንቀቅ። አሮጌው ገመድ ልባሱ ጨርቅና ጎማ ነው፤ ሲነኩት ይፈረፈራል። 220 ቮልት በዚህ ውስጥ መልቀቅ በመላው ብረት ላይ መልቀቅ ነው። ገመዱ በኤሌክትሪክ ባለሙያ ይቀየር፣ የመሬት መስመርም ይግባለት፤ የወጣው አሮጌ ዕቃ ግን አይጣል። ከባድ ተንጠልጣይ መብራትን በአቡጀዲ ወይም በችፑድ ኮርኒስ ላይ መስቀልም በተቀመጠ ሰው አናት ላይ ድንጋይ መስቀል ነው። ከጣሪያው እንጨት ጋር መታሰር አለበት።

ዋጋው እንዴት ይታወቃል?

ዋጋ አንድ አይደለም። የናሱ የኪሎ ዋጋ አለ፤ ዛሬ ለፈላጊ ቢሸጥ የሚያወጣው ዋጋ አለ፤ ቢጠፋ እሱን የመሰለ ለመተካት የሚጠይቀው ዋጋ አለ። ሦስቱ ምንም አይገናኙም። ደላላው የመጀመሪያውን እየነገረ በሁለተኛው ይሸጣል። በሁለተኛው ዋጋ ላይ የሚጨምሩት እነዚህ ናቸው፦ የልባጡ ዓይነትና ይዞታ፣ የእጅ ሥራው ጥራት፣ ምሉዕነቱ፣ የሠሪው ምልክት፣ ጥንድ መሆኑ (ጥንድ ከሁለት ነጠላ ይበልጣል) እና ከየትኛው ቤት እንደወጣ መታወቁ ናቸው። ይህ የመጨረሻው በእጃችን ያለ ሀብት ነው! ቤቱን የሚያውቁ ጋሼዎችና እትዬዎች ዛሬ በሕይወት አሉ። የየትኛው ቤት መብራት እንደሆነ፣ በየትኛው ክፍል እንደተሰቀለ የሚናገሩትን ዛሬውኑ ጽፈን ካላስቀመጥን፣ ነገ መብራቱ ስም የሌለው ናስ ነው።

አንድ ሕግ ሁላችንም በልባችን እንጻፍ፦ ዋጋ ገማቹ ገዢው አይሁን። «እኔ ልግመትላችሁ፣ እኔው ልግዛችሁ» የሚል ሰው ሲመጣ ቡና አጠጥቶ መሸኘት ነው። በውጭ አገር ጨረታ ዋጋ የሚመሳከር ካለም ሻጭ የጠየቀውን ሳይሆን ገዢ የከፈለውን ይመልከት። መጠየቅማ ማን ይከለክላል?

ሌላም ግዴታ አለብን። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣትን ይከለክላል። ከስምንቱ ውስጥ ለምዝገባ የሚበቃ እንዳለ የሚለው ባለሥልጣኑ እንጂ እኛ ወይም ደላላው አይደለንም። ሳይጠየቅ ተሽጦ ድንበር የተሻገረ ዕቃ ወዴት ይመለሳል?

«ቦዩስ?»

ይህ ጥያቄ እንደሚነሳ እናውቃለን፤ ተገቢም ነው። ጎርፉ የሚገባው በእኛም ቤት ነው። «እናንተ መብራት ስታደንቁ የእኔ ወለል ውኃ ሊጠጣ ነው» ላሉን እናት የምንሰጠው መልስ ይህ ነው፦ ዘጠኙ ተራ መብራቶች አሁኑኑ ይሸጡ፤ ነገር ግን እንደ መብራት አንድ በአንድ ይሸጡ እንጂ እንደ ቁርጥራጭ ብረት በኪሎ አይሸጡ። ለሥራው የጎደለው በመዋጮ ይሞላ። ስምንቱን ዛሬ በኪሎ አራግፈን ቦዩን ብንቆፍር ቦዩን ጎርፍ በሦስት ክረምት ሊደፍነው ይችላል፤ የሸጥነውን ግን ማንም አይመልስልንም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ፣ እኛ ካፈሰስን የሚለቅም እንኳ የለንም።

በዚህም መሠረት ለስብሰባው የሚቀርበው የውሳኔ ሐሳብ የሚከተለው ነው፦

ሀ) ከ17ቱ መብራቶች አንዱም በኪሎ እንዳይሸጥ፤

ለ) ዘጠኙ ተራ መብራቶች በግልጽ ጨረታ፣ ለሰፈሩ ነዋሪ ቅድሚያ ተሰጥቶ፣ አንድ በአንድ ተሸጠው ገንዘቡ ለቦዩ እንዲውል፤

ሐ) ስምንቱ ፎቶግራፍ ተነሥተው፣ ተለክተው፣ የወጡበት ቤት ተጽፎ ለኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን በደብዳቤ እንዲገለጹ፤ የመግዛት ፍላጎት በሌላቸው ሁለት አዋቂዎችም ለየብቻ እንዲገመቱ፤

መ) ይህ እስኪፈጸም የግምጃ ቤቱ ቁልፍ በሦስት ሰው እጅ እንዲሆን፤

ሠ) በየቤቱ ተመሳሳይ መብራት ያለው ነዋሪ ሁሉ ከመሸጡም ከመወልወሉም በፊት ለኮሚቴው እንዲያሳይ፤ ማሳየት ነፃ ነው፣ ዕቃውም የባለቤቱ ሆኖ ይቀራል።

በስብሰባው ዕለት መብራቶቹ በአዳራሹ ጠረጴዛ ላይ ይደረደራሉ። ማግኔትም ይኖራል። የኪሎው ወገንም የወርቁ ወገንም ይምጣና በገዛ ዓይኑ አይቶ፣ በገዛ እጁ ሞክሮ ይከራከረን። የማንፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሳያዩ እጅ ማውጣት።

ያላወቅነውን አንሽጥ! ያልመረመርነውን አንወልውል!

የሰፈሩ ነዋሪዎች ማኅበር
የንብረት ንዑስ ኮሚቴ